ተቆጣጣሪው ያበራው ቀይ

ኮምቦልቻ ውስጥ «ጠዋት ፀሐይ» በሚባለው ትምህርት ቤት በር ላይ በየጠዋቱ ያለውን ግርግር ያላየ ሰው ምን አየሁ ሊል ነው? በሩ ፊት ለፊት መሬቱ ላይ ወፍራም ነጭ መስመር ተሰምሯል። ከመስመሩ ውጭ ማንም የፈለገውን ይበል። ከመስመሩ ውስጥ ግን የእግዜርም የአላህም፣ የመልአክም የወሊይም ስም አይነሳም። ስለዚህ እናቶች የቀኑን ምርቃት በሙሉ እዚያው መስመሩ ጫፍ ላይ አራግፈው ይሄዳሉ።

«እመቤቴ ትከተልሽ፣ ሚካኤል በክንፉ ይጋርድሽ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፣ ምሳሽን ጨርሺ!» ትላለች አንዷ በአንድ ትንፋሽ።

«አላህ ይጠብቅህ፣ ነቢ ይከተሉህ፣ ፈተናውን ያግራልህ፣ ደግሞ ጃኬትህን ጥለህ ና አሉህ!» ትላለች ሌላዋ።

ልጁ «አሚን፣ አሚን፣ አሚን» እያለ ይቀበልና ዘሎ መስመሩን ያልፋል። ያልተባለች አሚን ከቀረችው ይውጣታል። ከመስመሩ ውስጥ ስምም ይከረከማል። ገብረማርያም ገብሬ፣ አብዱረህማን አብዱ ይሆናሉ። ማርያማዊት የምትባል የሁለተኛ ክፍል ልጅ ምኗ ተቆርጦ ምኗ እንደሚቀር አልታወቅ ስላለ ከገባች ጀምሮ «አንቺ» እየተባለች ትማራለች። ልጅቷም ለምዳዋለች፤ ቤት ውስጥ በስሟ ሲጠሯት ቶሎ አትሰማም አሉ።

የሰልፍ መምህርቷ ጦይባ ይመር ትባላለች። የእሷ ስም ከየት እንደመጣ የትምህርት ቢሮው ስላልጠየቀ ሳይነካ ቀርቷል፤ እሷም አፏን ከፍታ አልነገረችም። ጠዋት ጠዋት ከመስመሩ ውስጥ ቆማ የእናቶቹን ምርቃት እንደ ሬዲዮ ታዳምጣለች። አንዳንዴ ምርቃቱ ጥሩ ሆኖ ሲመጣ ለራሷም ትንሽ ቆንጠር አድርጋ ትወስዳለች፣ በሆዷ።

የጦይባ ሥራ የጠዋቱ መሐላ ነው። የቀረው ሥራዋ፣ ማስተማሩም ስብሰባውም፣ ደሞዝ እንዳይቋረጥ ያህል ነው። ልጆቹ ተሰልፈው ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እንዲህ ይላሉ፦

«አገሬ ሆይ፣ በአፈርሽ ላይ ቆሜአለሁ። እጄን ለሥራ፣ አፌን ለእውነት ሰጥቻለሁ። የጎረቤቴ ልጅ ወንድሜ ነው፣ የጎረቤቴ ልጅ እህቴ ናት። ቃሌን ባፈርስ አስቁሙኝ፣ በሕግ አምላክ!»

ያ ሁሉ ልጅ በአንድ አፍ «አስቁሙኝ!» ሲል ግቢው ይነዝራል። ያልተነቀለ ጥርስ ያለውም፣ የተነቀለበትም፣ እንቅልፉ ያልለቀቀውም አብሮ ይጮሃል። ጦይባ ይህንን ድምፅ ትወደዋለች። ትወደዋለች ከማለት ሌላ ቃል የለውም። ቤት ውስጥ ከባሏ ጋር ተኮራርፋ የመጣች ቀን እንኳ «አገሬ ሆይ» ሲባል ኩርፊያው ከትከሻዋ ላይ ይወርዳል።

ባንዲራው ምሰሶ ጫፍ ላይ «ጆሮው» የሚሉት መሣሪያ አለ። የጡጫ ያህል ነው። ከሥሩ መብራት አለው። ከመሐላው መጀመሪያ ጀምሮ ደወል እስኪደወል ድረስ ያዳምጣል። ምንም ካልሰማ አረንጓዴ ያበራል። የሃይማኖት ቃል ከሰማ ቀይ ያበራል። በአንድ መንፈቅ ሦስት ቀይ ያገኘ ትምህርት ቤት መሐላውን በአፉ ማለት ያቆማል፤ ድምፅ ማጉያ ይልለታል። ይህ ዝም ሰልፍ ይባላል።

መሐላው መጨረሻ ላይ ያለችውን «በሕግ አምላክ» ብቻ ጆሮው እያወቀ ያልፋታል። ሳይሞከር ቀርቶ አይደለም። አንድ ሰሞን «በሕግ አግባብ» ትባል ተብሎ ታዞ ነበር። ገበያ መሃል ቦርሳ ነጥቆ የሚሮጥ ሌባ «በሕግ አግባብ!» ቢባል ዞር ብሎ ሳቀና ሩጫውን ቀጠለ። «በሕግ አምላክ!» ሲባል ግን እግሩ ይተሳሰራል፤ ለምን እንደሆነ ለራሱም አይገባውም። ስለዚህ ተተወች። ይባስ ብሎ ፍርድ ቤቶች በመዝገብ ብዛት መተንፈሻ ሲያጡ የጥንቱ የመንገድ ዳኝነት በአዋጅ ተመለሰ። ሰው ባላጋራውን «በሕግ አምላክ» ብሎ ያቆማል፣ ልብስ ለልብስ ይቋጠራሉ፣ ቀድሞ የተገኘ መንገደኛ ይዳኛቸዋል። መንገደኛው ቸኩያለሁ ቢል የሚሰማው የለም። የቆመውም ሰው ፍርድ እስኪሰጥ ንቅንቅ አይልም፣ ሹምም ቢሆን። የጠዋት ፀሐይ ልጆች በእረፍት ሰዓት በአንድ ላጲስ ተጣልተው፣ ተቋጥረው፣ ዳኛ ፍለጋ ግቢውን ሲዞሩ ማየት የተለመደ ነው።

እንግዲህ ትምህርት ቤቱ በዚህ መንፈቅ ሁለት ቀይ አለበት። የመጀመሪያው በጥቅምት መሬት ተንቀጥቅጣ ነው። መሬት ስትንቀጠቀጥ ማን ሕግ ያስታውሳል? ግማሹ «ማርያም!» ግማሹ «ያ ረቢ!» ብሎ ጮኸ፤ መብራቱ ቀላ። ሁለተኛው በኅዳር፣ አንድ ዝንጀሮ ከየጎፍ ጫካ ወርዶ ምሰሶው ላይ የወጣ ዕለት ነው። ዝንጀሮው ጆሮውን አቅፎ ወደ ውስጡ ሲያይ ያ ሁሉ ልጅ ምን እንዳለ አይጠየቅ። ዝንጀሮው ራሱ በቀዩ መብራት ደንግጦ ዘሎ ወረደ።

ከወንዙ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት ባለፈው ዓመት ሦስተኛውን አግኝቷል። ጦይባ ለስብሰባ ሄዳ ሰልፋቸውን አይታለች። ድምፅ ማጉያው ጥርት ባለ የአዋቂ ድምፅ «አገሬ ሆይ» ይላል። ልጆቹ ከንፈራቸውን ገጥመው ይቆማሉ። አይስቁም፣ አይገፋፉም። ወደ አንዲት ሕፃን ተጠግታ፣ አጠገቧ ቁጢጥ ብላ «ስምሽ ማነው የኔ ዓለም?» አለቻት። ልጅቷ መልስ ከመስጠቷ በፊት ቀና ብላ ድምፅ ማጉያውን አየች። ጦይባን ያን ቀን ምሳ አልበላ አላት።

«እኔ እያለሁ እዚህ አይሆንም» ብላ ማለች፣ ከመስመሩ ውጭ ቆማ፣ የምትምልበትን ስም ሁሉ ጠርታ።

ከዚያ በኋላ ልጆቹን አዲስ ልማድ አስለመደቻቸው። ቀኝ እጅ ደረት ላይ፣ ግራ እጅ ደግሞ አፍ አጠገብ ተዘጋጅቶ ይቆያል። የሚያስነጥስ፣ የሚደነግጥ፣ ጣቱን የሚረገጥ ሰው ካለ ግራ እጅ አፍ ላይ ልጥፍ! ልጆቹ እንደ ጨዋታ ወደዱት። ወላጆች ግን «ልጆቻችን እቤት ቅቤ ስናቀምሳቸው እንኳ አፋቸውን ይይዛሉ፤ ምን አድርገሽብን ነው?» ብለው ሁለት ጊዜ መጥተው ወቅሰዋታል።

ተቆጣጣሪው የመጡት ጥር ላይ፣ ሰርግ በሰርግ በሆነበት ሰሞን ነው። አቶ ሀብቴ ይባላሉ። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሀብተሚካኤል ነው፤ ነገር ግን ሥራቸው ሁልጊዜ ከመስመር ውስጥ ስለሆነ ሚካኤልን ከተዉት ቆይተዋል። ረጅም፣ ደረቅ፣ ኮታቸው የማይጨማደድ ሰው ናቸው። ብዙ ትምህርት ቤት ዝም አሰኝተዋል። አንዳች ክፋት ኖሮባቸው አይደለም። መብራቱን ያያሉ፣ ያዩትን ይጽፋሉ፣ ይሄዳሉ። አንድ ቀይ ሰርዘው አያውቁም፤ ይህም ዝናቸው ነው።

ያን ቀን ልጆቹ አኮሯት! «አገሬ ሆይ» ከሚለው እስከ «በሕግ አምላክ» ድረስ አንድ ቃል ሳይንጠባጠብ ወጡት። አንዱ አስነጠሰ፤ ያ ሁሉ ግራ እጅ አፍ ላይ ልጥፍ አለ። ከየጎፍ በኩል ነፋስ መጥቶ ባንዲራውን አወናጨፈው፤ ማንም ምንም አላለም። የቀረው ደወሉ ብቻ ነው። ጦይባ እፎይ ብላ እንግዳዋን ልትሸኝ ወደ ምሰሶው ጠጋ አለች። አቶ ሀብቴ ዓይናቸውን መብራቱ ላይ ተክለው ቆመዋል። ከስተዋል። የዓይናቸው ሥር ጠቁሯል። ጦይባ ትዝ አላት፦ እናታቸው ደሴ ሆስፒታል ተኝተዋል ሲባል ሰምታለች። ሰው ደግሞ እናቱ ታማ ሳይጠየቅ ይታለፋል እንዴ?

«አቶ ሀብቴ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ «እናትዎ እንዴት ሆኑልዎት?»

የሰውየው ፊት በአንድ ጊዜ ተፈታ። የሃምሳ ዓመት ሰው የአሥር ዓመት ልጅ መሰሉ።

«ዳኑ እኮ! ትናንት ተነስተው በእግራቸው ሄዱ፣ እግዚአብሔር ይመስገን!»

መብራቱ ቀላ።

ልጆቹ ሁሉ አፋቸውን ይዘዋል። አቶ ሀብቴ ቀና ብለው መብራቱን አዩ፣ ዝቅ ብለው ጦይባን አዩ፣ እንደገና መብራቱን አዩ። ደወሉ አሁን ነው የሚደወለው? ተደወለ።

«እንኳን ዳኑልዎት» አለች ጦይባ።

«መምህርት» አሉ አቶ ሀብቴ፤ ፊታቸው ተመልሶ ደርቋል። «ሦስተኛ ነው።»

«እንዴ! እርስዎ ነዎት እኮ ያሉት!»

«ጆሮው ማን አለ ብሎ አይጠይቅም። እኔም አልጠይቅም።» ከኮታቸው ውስጥ ቀዩን የሚመዘግቡበትን ሰሌዳቸውን አወጡ። ጣታቸውን ለማስቀመጥ አነሱ። ያቺ ጣት ካረፈች ነገ ጠዋት ድምፅ ማጉያው ይሰቀላል።

ጦይባ አላሰበችበትም። ከሆዷ ነው የወጣው።

«በሕግ አምላክ!»

የአቶ ሀብቴ ጣት አየር ላይ ቀረች። ሰውየው እንዳሉ ደርቀው ቆሙ፣ አንድ እግራቸው ለመሄድ እንደተነሳ። እዚህ አፈር ላይ ያደጉ ሰው አይደሉ? ጦይባ ሄዳ የሻርፗን ጫፍ ከኮታቸው ጫፍ ጋር ቋጠረችው። ኮቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጨማደደ።

«እየተጫወትሽ ነው?» አሉ አቶ ሀብቴ፤ «እርስዎ» የሚሏትን ሴት አንቺ ማለታቸውን እንኳ ልብ አላሉም።

«በፍጹም። መንገድ እንውጣ። ዳኛ እንፈልግ።»

ተቋጥረው ወደ በሩ ሄዱ። ልጆቹም ሰልፋቸውን እንደጠበቁ ከኋላ ተከተሉ፤ ይህን ትተው ክፍል የሚገቡ ልጆች የት አገር አሉ? ነጩን መስመር እንዳለፉ አቶ ሀብቴ ትንፋሻቸውን ለቀቁት።

«ኧረ የሚካኤል ያለህ! ኧረ እመቤቴ፣ ምን ዓይነት ቀን ነው ያመጣሽብኝ!»

«ያ ነቢ፣ እርስዎ ይድረሱልኝ» አለች ጦይባም በበኩሏ። ለሁለቱም ቀለል አላቸው።

መጀመሪያ የመጣው ባለብስክሌት ጎረምሳ ነው። ገና ሳያስቆሙት «ቲቸር ጦይባ!» ብሎ ወርዶ እጅ ነሳ። አቶ ሀብቴ «ተማሪዋ ነው፤ አይዳኘኝም» አሉ። ቀጥሎ ፖሊስ መጣች። «ውይ ቲቸር! አሁንም ልጆቹን በፀሐይ ያቆማሉ?» አለች። እሷም ቀረች። ሦስተኛው ሽማግሌ ናቸው፤ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ነገሩን በትዕግሥት ሰሙና «ከመፍረዴ በፊት» አሉ፣ «ያቺ ከሦስተኛው ረድፍ ምላሷን የምታሳየኝ የልጅ ልጄ ነች። ጦይባ ደግሞ ጸባይዋን ያስተካከለችልኝ ነች። ምን ልበልህ ሀብቴ?» ብለው እየሳቁ ሄዱ።

«በዚህ ከተማ ያላስተማርሽው ሰው የለም?» አሉ አቶ ሀብቴ ላባቸውን እየጠረጉ።

«ምን ላድርግ፣ ይወልዳሉ!»

ይህን ጊዜ ጥሩምባ ተሰማ። አምስት መኪና፣ አበባ በአበባ፣ ራሳቸውን እየነዱ በመደዳ መጡ። የፊተኛው ጣራው ተከፍቷል። ሙሽራው ከነካባው ቆሟል፤ ሚዜዎቹ ዙሪያውን እያጨበጨቡ ይዘፍናሉ። አቶ ሀብቴ እና ጦይባ ተያዩ። የመኪናው ሰሌዳ የመርሳ ነው። የሌላ አገር ሰው!

«በሕግ አምላክ!» አሉ ሁለቱም አብረው።

መኪናው ቆመ። ዘፈኑ ቆመ። አንድ ሚዜ እጁን ለማጨብጨብ እንደከፈተ ቀረ። ሙሽራው ሞላልኝ ይባላል፤ ገና ሳይነጋ ከመርሳ ወጥቶ ሙሽሪትን ሊወስድ የሚበር ሰው ነው። ቁልቁል አይቶ የተቋጠረውን ልብስ ሲያይ ገባው።

«በናታችሁ ዛሬ? ሙሽራዬን ልወስድ እየሄድኩ!»

«አዋጅ ነው» አሉ አቶ ሀብቴ። አዋጅ ሲባል የትኛውም ቢሆን ይወዳሉ።

ከማል የሚባለው አንደኛ ሚዜ «ሌላ ሰው ፈልጉ! የሙሽሪት እናት በር ዘግተው ነው የሚጠብቁን፣ ካረፈድን አይከፍቱልንም!» ብሎ ጮኸ።

ሞላልኝ ግን ወረደ። ካባውን ሰብስቦ እግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። «በሉ ንገሩኝ፤ አሳጥሩት ታዲያ።»

ጦይባ ተናገረች። ስለ ሁለቱ ቀይ፣ ስለ ወንዝ ማዶ ልጆች፣ ስለ እናትየው ጤና። «እኔ ሌላ ነገር አልፈልግም፤ ልጆቼ መሐላቸውን በገዛ አፋቸው ይበሉ» አለች። አቶ ሀብቴም ተናገሩ። ቀይ ቀይ ነው አሉ። ደግሞም አጥምዳኛለች፣ ስለ እናቴ ባትጠይቀኝ አልናገርም ነበር አሉ።

«እናትዎ ሞት አፋፍ ደርሰው እያወቅኩ ዝም ልበልዎት?»

«ደወሉ እስኪደወል መቆየት ይቻል ነበር!»

ሞላልኝ እጁን አነሳ። «ቆይ። ቃሉ ከማን አፍ ወጣ?»

«ከእኔ» አሉ አቶ ሀብቴ። ደረቅ ይሁኑ እንጂ ውሸታም አይደሉም።

«እርስዎ የዚህ ትምህርት ቤት ሰው ነዎት?»

«እኔ? የቢሮው ተቆጣጣሪ ነኝ!»

«እንግዲያው ቀዩ የትምህርት ቤቱ አይደለማ። ይሰረዝ። በሉ ከማል፣ መኪናውን አስነሳ።»

«አይሰረዝም! ሰልፍ ላይ የተሰማ ድምፅ ሁሉ የትምህርት ቤቱ ድምፅ ነው። ደንቡ እንዲህ ነው የሚለው።»

ሞላልኝ ተመልሶ ተቀመጠ። ሚዜዎቹ አጉረመረሙ። «እሺ። ድምፅዎ የትምህርት ቤቱ ከሆነ እርስዎም የትምህርት ቤቱ ነዎት። አንዱን ይምረጡ አባቴ። ወይ እንግዳ ነዎት፣ ቀይዎን ይዘው ይሂዱ። ወይ የቤቱ ልጅ ነዎት፣ እንደ ቤቱ ልጅ ይቀጡ።»

አቶ ሀብቴ ሰሌዳቸውን አዩ። ይህችን አንዲት ቀይ ቢሰርዙ ማን ያያቸዋል? ነገር ግን ይህቺ ከተሰረዘች የወንዝ ማዶዎቹ ለምን አልተሰረዙላቸውም? የሐይቁ ትምህርት ቤትስ? የከሚሴውስ? እዚያም እኮ አንዳንዱ ቀይ የሰው ለቅሶ ነበር፤ አንዳንዱ የመምህር ድንጋጤ። ጦይባ አየቻቸውና ሳታስበው አሳዘኗት።

«የቤቱ ልጅ ነኝ» አሉ በመጨረሻ።

ሞላልኝ ወደ ሰልፉ ዞረ። «ልጆች! እዚህ ቤት ሰልፍ ያበላሸ ልጅ ምን ይደረጋል?»

«ባንዲራው ሥር ብቻውን ቆሞ መሐላውን በቃሉ ይወጣል!» አሉ ልጆቹ በአንድ አፍ።

«በንጹሕ አፍ ከወጣውስ?»

«ቀዩ ይነሳል!»

ጦይባ ግንባሯን በእጇ መታች። እውነት ነው። እስከ ዛሬ ያጠፋው መላው ትምህርት ቤት ስለነበረ ማንን ነጥላ ታቆማለች? ያ ደንብ ከጭንቅላቷ ወጥቶ ነበር።

«ከተሳሳተስ?» አለ ሞላልኝ።

«ዝም ሰልፍ ነዋ» አለች ጦይባ ቀስ ብላ።

«ፈርጃለሁ። ሳይ ነው የምሄደው፤ የፈረድኩትን ሳላይ ብሄድ ሙሽሪት እንዴት ነበር ስትለኝ ምን እላታለሁ?»

ቋጠሮው ተፈታ። ሁሉም፣ ሙሽራውም ሚዜዎቹም፣ መስመሩን አልፈው ገቡ። ከማል መስመሩ ላይ ሲደርስ «ቢስሚላህ» ብሎ በፍጥነት አጠናቀቀና ገባ። አቶ ሀብቴ ምሰሶው ሥር ብቻቸውን ቆሙ። ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ጆሮው ነቃ።

ጠበቁ። አቶ ሀብቴ አፋቸውን ከፈቱና ዘጉ። ጦይባ መጀመሪያ የፈሩ መሰላት። ቆይቶ ነው የገባት፦ ሰውየው መሐላውን አያውቁትም! ያን ሁሉ ዓመት በየግቢው ሲቆሙ የሚያዩት መብራቱን ነበር። አንድ ቀን የልጅ አፍ አይተው፣ የሚለውን ሰምተው አያውቁም። የሚያውቁት በልጅነታቸው ያሉትን አሮጌውን ነው፤ እሱ ደግሞ ገና ሲጀምር በእግዚአብሔር ስም ነው የሚጀምረው።

ከንፈራቸው ለዚያ ለአሮጌው ቃል ሲዘጋጅ ታያት። አቶ ሀብቴም ታወቃቸው፤ ግን ሌላ የሚሉት የላቸውም። ላብ በጆሯቸው ግንድ ወረደ። ዓይናቸው ለመጀመሪያ ጊዜ መብራቱን ትቶ ልጆቹን አየ።

«አገሬ ሆይ!» አለች ከፊት ረድፍ ያቺ «አንቺ» የሚሏት ልጅ፣ የፊት ጥርሷ በሌለበት አፍ። መቻል አቅቷት ነው።

ጦይባ ወደ ሞላልኝ ዞረች። እሱም ትከሻውን ነቀነቀ። «ብቻውን ይቁም ነው የተባለው። ብቻውን ያስታውስ ያለ የለም።»

«አገሬ ሆይ» አሉ አቶ ሀብቴ።

«በአፈርሽ ላይ ቆሜአለሁ!» አለ የፊቱ ረድፍ።

«በአፈርሽ ላይ ቆሜአለሁ።»

ሁለተኛው ረድፍ ተጨመረ፣ ሦስተኛው ተጨመረ። ሕፃናቱ ይጥላሉ፣ ሽበታሙ ሰውዬ ያነሳሉ። «እጄን ለሥራ» ሲሏቸው «እጄን ለሥራ» አሉ። «አፌን ለእውነት» ሲሏቸው ትንሽ ቆዩና «አፌን ለእውነት» አሉ። ከማል የሙሽሪትን እናት ረስቶ አብሮ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። «በሕግ አምላክ!» ተባለ። ደወሉ እስኪደወል ማንም ትንፋሽ አላወጣም። ተደወለ። መብራቱ ቀዩን ተወና አረንጓዴ ሆነ።

የተነሳውን ጩኸት ተዉት! ልጆቹ ዘለሉ፣ ሚዜዎቹ እልል አሉ፣ ጦይባ ሳታውቀው ሙሽራውን ከነካባው አቅፋ ሳመችው። ማልቀሷን ያወቀችው ካባው ላይ የእንባዋን እርጥበት ስታይ ነው። ሞላልኝም «ይሄን ለሙሽሪት ማስረዳት ሌላ ዳኛ ይፈልጋል» እያለ ወደ መኪናው ሮጠ። ጥሩምባው እየራቀ ሄደ።

አቶ ሀብቴ ግን ከምሰሶው ሥር አልተንቀሳቀሱም። እጃቸው አሁንም ደረታቸው ላይ ነው።

«አቶ ሀብቴ፣ አለቀ እኮ። ቀዩ ተነስቷል» አለች ጦይባ።

«አይቻለሁ።» ልጆቹን አዩ። «መምህርት፣ አንዴ ልድገመው?»

«ለምን?»

«ብዙ ቦታ ዝም አሰኝቼዋለሁ። ምን እንደሚል ግን ዛሬ ነው የሰማሁት።»

ጦይባ ወደ ልጆቹ ዞራ እጇን አነሳች፤ ልጆቹም ሰልፋቸውን አስተካከሉ። ከመጀመሪያው ጀመሩት። አቶ ሀብቴ ከሁሉም በላይ ይጮሃሉ፣ ከሁሉም ወደ ኋላ ይቀራሉ፣ ዜማውን ያበላሻሉ። «ቃሌን ባፈርስ አስቁሙኝ» የሚለው ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው ተሰበረና አቃታቸው። ልጆቹ ጠበቋቸው። መልሰው ሲያገኙት አብረው ጨረሱት።